ሃያ አንደኛዋ ነጥብ

ደብዳቤው ላይ «ምንጭ» የሚል ቃል ነበር። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር፤ ማህተሙንም፣ የተጠማዘዘውን ፊርማም፣ «በአክብሮት እንገልጻለን» የሚለውን ሽንገላም። «የበሽታው ምንጭ የግለሰቧ የወተት ላሞች ግቢ መሆኑ ስለታመነበት» ይላል። ማን አመነበት? መቼ? በምን ማስረጃ? ግለሰቧ የተባለችው እትዬ ናት። የእናቴ ልጅ፣ በአራት ዓመት የምትበልጠኝ፣ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ታደርሰኝ የነበረችው። ደብዳቤውን ያመጣልኝ ዶክተሩ ነው፣ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪያችን ኃላፊ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚጠሩኝ ክብሪት እያሉ ነው፤ ጠባዬን አሳምሮ ያውቀዋል።

ነገሩን ከስሩ ላስረዳ። ከሦስት ዓመት በፊት እትዬ ከከብት ማራቢያ ጣቢያ አንዲት ጊደር ገዛች። ጣቢያው ከባሕር ማዶ የመጡ የወተት ላሞችን እያራባ እንደ እሷ ላሉ ወተት ሻጮች ያከፋፍላል። ጊደሯ ጥቁር ሆና አራቱም እግሮቿ እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ስለነበሩ ካልሲት አልናት። ተመርምራ ከበሽታ ነጻ ሆናለች የሚል፣ የጣቢያው ማህተም ብቻ ያረፈበት ወረቀት ይዛ ነው የመጣችው። እትዬ ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ከልጇ የልደት ሰርተፊኬት ጋር አስቀመጠችው። ካልሲት ወለደች፣ ወተቷ ጉድ ተባለ። እትዬም በየጠዋቱ ስታልብ የመጀመሪያዋን ኩባያ ሳታፈላ፣ ከነሙቀቱ፣ ለልጇ ትሰጥ ነበር። ካላት ሁሉ ምርጡን እየሰጠቻት መስሏት ነው።

ባለፈው ዓመት ካልሲትን ኮርማ ለማስጠቃት ወደ ጣቢያው መልሳ ወሰደቻትና ሁለት ወር እዚያው ቆየች። ከተመለሰች በኋላ ማሳል ጀመረች፣ ጎድኗ ተቆጠረ። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ልጅ አንገት ላይ እንቁላል የሚያህል ንፍፊት ወጣ። ሐኪም ቤት በመርፌ ቀድተው ሲያዩት ነቀርሳ ነው አሉ፣ ያውም ከላም የሚመጣው ዓይነት። ካልሲት ታረደች፤ ሳንባዋ ሲከፈት አይብ የታጨቀበት ይመስል ነበር። የቀሩት ስምንት ላሞች ሲመረመሩ ሁሉም ተይዘው ተገኙ፤ ሁለቱ ብሶባቸው ስለነበር ወዲያው ታረዱ። በዚያው ሰሞን ከማራቢያ ጣቢያው ቄራ የተላኩ ላሞችም ሳንባቸው እንደዚያው ሆኖ ወጣ። ጣቢያው እንግዲህ ጥፋተኛ ፈለገ፣ ለመፈለግም ሩቅ አልሄደም።

የጣቢያው ኃላፊ ምላሱ ቅቤ ስለሆነ ከጀርባው ቅቤው እንለዋለን። ሪፖርት ጻፈ። ጣቢያው ለዓመታት ንጹህ ነበር፣ አንዲት ላም ከግለሰብ ግቢ ገብታ ሁለት ወር ከረመች፣ ከዚያ ወዲህ መንጋው ታመመ፤ በቃ፣ አለቀ። ውሸት ቢመስል ምን ነበረበት? ሲያነቡት ግን እውነት ይመስላል፣ ደሜን ያፈላው እሱ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ኮሚቴ ተሰብስቦ ምንጩን ይወስናል ተባለ።

የቀሩት ስድስት ላሞች መታረዳቸው እንደሆነ አይቀርም፣ እትዬም ያንን ዋጥ አድርጋዋለች። ያልተዋጠላት ሌላ ነው። ሰፈሩ ልጇን በገዛ እጇ አሳመመች፣ የአገር መንጋ ጨረሰች እያለ ያማታል። ደንበኞቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞራሉ። ጭራሽ እሷ ራሷም ማመን ጀምራ ነበር። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ከሥራ ወጥቼ ቤቷ ስሄድ የወተት ጣሳዎቿን እየፈተገች አገኘኋት። ወተት ከገባባቸው ሦስት ወር አልፏቸዋል። ልጅቱ አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ከመድኃኒቱ የተነሳ ሽንቷ ብርቱካንማ እንደሆነ ነግራኝ ራሷ ሳቀችበት። እትዬ አልሳቀችም። ከጣሳው ቀና ሳትል ነው የተናገረችው።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ነኝ?»

ማባበል አልችልበትም፣ ተፈጥሮዬ አይደለም። አንቺ አይደለሽም ብያት ብሄድ እንደማታምነኝም አውቃለሁ። ስለዚህ አጣርቼ እነግርሻለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብዬያት ወጣሁ። የመጣው ይምጣ ስል ምን እንደሚመጣ ባውቅ ኖሮ እንዲያ አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር።

የነቀርሳዋ ባክቴሪያ ቀርፋፋ ናት። ሌላዋ በአንድ ቀን የምትበቅለውን እሷ ሁለት ወር ትፈጃለች። ደግነቱ የታረዱትን ላሞች ናሙና ባክቴሪያዋ እንድትበቅል ገና ድሮ ዘርቼው ነበር፤ የስድስት ላሞች ከጣቢያው፣ የካልሲትና የሁለቱ ላሞች ከእትዬ ግቢ፣ ሐኪም ቤቱ የላከልን የልጅቱም ጭምር። የቀረኝ የዘረመሏን አሻራ ማንሳት ብቻ ነበር።

አሻራውን ለማንበብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የባክቴሪያዋ ዲኤንኤ ላይ በአንድ ቦታ የተደረደሩ ቁርጥራጮች አሉ። እኛ አርባ ሦስቱን እንፈልጋለን። ያለችው ቁራጭ እንደ ራጅ ባለ ፊልም ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች፣ የሌለችው ቦታዋ ባዶ ይቀራል። ላምን የምታጠቃዋ ባክቴሪያ የመጨረሻዎቹ አምስት የሏትም፣ የትም ብትገኝ የሏትም። በቀሩት ነጥቦች ደግሞ ዘመድ ከዘመድ ይለያል። ከጥንት ጀምሮ በእኛ አገር ከብቶች ውስጥ የሚኖረው የባክቴሪያዋ ዝርያ ከአራተኛዋ እስከ ሰባተኛዋ ባዶ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ባክቴሪያዋ አንዴ የጣለቻትን ቁራጭ መልሳ አታገኛትም። ከጎረቤት አትበደርም፣ ከሌላ አትወስድም። እናት የጣለችው ከልጅም፣ ከልጅ ልጅም አይገኝም።

ፊልሙ ሲወጣ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ከጣቢያው የመጡት ስድስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ከአራት እስከ ሰባት ያሉት ነጥቦች ጥቁር ናቸው፣ አስራ አንደኛዋ ግን ባዶ ናት። ይህ የእኛ አገር ዝርያ አይደለም። የዓለሙን የአሻራ መዝገብ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ስፈልገው ዝርዝሩ አላልቅ አለኝ። በሁለት ውቅያኖስ ማዶ አለ፣ በደሴቶች ላይ አለ፣ ከመርከብ የወረደች ላም ባትኖር ኖሮ የላም ነቀርሳ በማይታወቅበት አገር ሁሉ አለ። ላም ባሕር ዋኝታ አትሻገርም። ሰው ነው ጭኖ ያዞራት፤ የተሻለ ዝርያ፣ ብዙ ወተት እያለ፣ እያጨበጨበ። በሽታውንም አብሮ አውርዶ ሲያበቃ ድሃዋን ወተት ሻጭ ምንጭ ነሽ ይላታል። እንዲህ ያለ ድፍረት ምን ይባላል?

የእትዬ ሦስት ላሞችና የልጅቱም ከጣቢያው ጋር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። አስራ አንደኛዋ ባዶ ናት። አንድ ልዩነት ብቻ አላቸው፤ በአራቱም ሃያ አንደኛዋ ነጥብ የለችም። በጣቢያው ስድስት ላሞች ግን እንደ ቁንዶ በርበሬ ጠቁራ ተቀምጣለች። አላመንኩም። ደገምኩት። ሦስተኛም ሠራሁት። ያው ነው።

እንግዲህ አስቡት። የእትዬ ላም ጣቢያውን አስይዛ ቢሆን ኖሮ የጣቢያው ባክቴሪያ ሃያ አንደኛዋን ከየት ያመጣታል? ከሌላት ልትወርሳት አትችልም። በሽታው የሄደው ከጣቢያው ወደ እትዬ ግቢ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ደግሞ አንዲት ቁራጭ ጣለ፣ በቃ። ከወንበሬ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን እየሳቅኩ ተመላለስኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ከዛሬ በላይ ደህና ሆኜ አላውቅም አልኳት።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም። ስምንት ላም በጥቂት ወር አይያዝም፤ የታመመች ጊደር ከሦስት ዓመት በፊት ንጹህ ናት የሚል ወረቀት ይዛ ከጣቢያው ወጥታለች፤ ታዲያ ይህን ወረቀት ያስገኘውን ምርመራ የፈረመው ዓይኑን ምን ጋርዶት ነው? ስሙን አውጥቼ ኮሚቴው ፊት ላሳፍረው ቆረጥኩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ገብቼ የዚያን ዓመት ፋይል አወረድኩ። አቧራውን አራግፌ፣ እየተሳደብኩ፣ ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። የአስራ ሁለት ጊደሮች የምርመራ ውጤት፤ ሁሉም ንጹህ። ከስር ያለው ፊርማ የእኔ ነበር።

ቁጭ አልኩ። በዓመት ብዙ መንጋ ስለምመረምር ያን ቀን ጨርሶ ረስቼው ነበር፣ አሁን ቁልጭ ብሎ መጣልኝ። ምርመራው ቀላል ነው። የላሟን አንገት በአንድ በኩል ትላጫለህ፣ ቆዳዋ ውስጥ መርፌ ትወጋለህ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሰህ ትለካለህ። ካበጠ ታማለች። ነገር ግን ቆዳው በቅርቡ ተወግቶ ከሆነ ይሰለቻል፣ የታመመችም ላም ሳታብጥ ትቀራለች። ይህን እያንዳንዱ የእኛ ሙያ ሰው ያውቃል። እኔ በቀኝ በኩል ልላጭ ስል በግራ በኩል አስራ ሁለቱም ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ካሬ ተላጭቶ ጠጉሩ ሊያድግ ሲል አይቼ ነበር። ቅቤው አጠገቤ ነበር። መዥገር አስቸግሯቸው መድኃኒት ልንቀባ ነው የላጨናቸው አለ። እሺ አልኩ።

የምርመራው መርፌ ከመጋዘን የሚወጣበትን መዝገብ ከፈትኩ። እኔ ከመሄዴ ከዘጠኝ ቀን በፊት ለጣቢያው «ለራሳቸው ክትትል» ተብሎ አንድ ብልቃጥ ወጥቷል። የዶክተሩ ፊርማ ነበረበት።

ለምን እሺ አልኩ? እውነቱን ልናገር፣ ከዚህ በኋላ ምን እደብቃለሁ። ጊደር ለማግኘት ወረፋ ከሚጠብቁት ውስጥ እትዬ ነበረችበት። ምርመራው ቢወድቅ ሌላ ሁለት ዓመት ትጠብቅ ነበር። ካሬውን ሳየው ሆዴ ጠርጥሯል፤ እኔ ግን እህቴ ላም ታግኝ ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ፋይሉን ይዤ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ። አየው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ነገ ፊልሙን ብቻ ይዘሽ ሂጂ አለኝ። ፊልሙ ለእህትሽ ይበቃታል፣ ይሄ ወረቀት ወጥቶ ማንን ይጠቅማል አለኝ። ለእኔ ያሰበ እንዳይመስላችሁ፤ የራሱ ፊርማም አለበት፣ ጡረታ ሊወጣ ደግሞ አምስት ወር ነው የቀረው። ብቻ እኔም ያልኩት ያንኑ ነበር። እሺ አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ሐሙስ የስብሰባ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እትዬ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ክስ እንደሚሰማ ሰው ተቀምጣለች። ፊልሙን ግድግዳው ላይ አብርቼ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስረዳሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የሚገባቸው ሴትዮ ናቸው። እናት የጣለችውን ልጅ አታገኘውም ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ፣ አዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ከኋላ ቀና ስትል አየሁ። ካልሲት ከታመመች ጀምሮ እንዲያ ቀና ብላ አላየኋትም።

ያን ጊዜ ቅቤው ተነሳ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እህት ለእህቷ መጨነቋ የሚያስመሰግን ነው አለ። አንዲት ነጥብ በሠራተኛ ስህተትም ልትጠፋ ትችላለች፣ ዘመድ ስትሆን ደግሞ በደንብ ልትጠፋ ትችላለች አለ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ከቦርሳው የዚያን ምርመራ ውጤት ቅጂ መዘዘ። ጊደሯ ከእኛ ግቢ ስትወጣ ከበሽታ ነጻ ነበረች፣ ይኸው ማስረጃው፤ ይቺን ፊርማ የምታውቃት ከሆነ ወይዘሮዋ ትንገረን አለ።

ዶክተሩን አየሁት። ጫማውን እያየ ነበር። ዝም ብል ፊልሙ በጥርጣሬ ይቀራል፣ ምናልባትም ያምኑኛል፣ ምናልባትም አያምኑኝም። እትዬ ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ነው የምትሄደው።

«ፊርማው የእኔ ነው» አልኩ። «ጊደሯ ግን ንጹህ አልነበረችም። እኔ ከመምጣቴ ከዘጠኝ ቀን በፊት ወግታችኋቸዋል። የአስራ ሁለቱም ግራ አንገት በካሬ ተላጭቶ አይቻለሁ። አይቼ ፈረምኩ። መዥገር በካሬ አይቀመጥም።»

ፋይሉንና የብልቃጡን መዝገብ ሰብሳቢዋ ፊት አስቀመጥኩ። ሰብሳቢዋ የቀሩት አስራ አንዱ ጊደሮችስ የት ናቸው ብለው ጠየቁ። በአስራ አንድ ቤት፣ በአስራ አንድ ግቢ ናቸው፣ በየቤቱም የመጀመሪያዋን ኩባያ የሚጠጣ ልጅ አለ። ይህን ሳስብ የቅቤውን አንገት ማነቅ አማረኝ፣ ግን እጄን የት ላድርገው፣ የገዛ አንገቴም እዚያው ነው ያለው።

ቅቤው ውሃ ጠጣ። ኮሚቴው ምንጩ ጣቢያው ነው ብሎ ሲወስን እትዬ ተነስታ ወጣች። ደረጃው ላይ ደረስኩባት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም።

«እኔ አይደለሁም ማለት ነው» አለች።

«አይደለሽም።»

«አንቺ ነሽ።»

ምን ልበላት? ለአንቺ ብዬ ነው ልበላት? አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ አፍሬ መለስኩት። እሷ ደረጃውን ወርዳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አስራ ስድስት ቀን አላነጋገረችኝም። ደብዳቤዎች ወጡ። አሁን ግለሰቧ የሚል ቃል የለባቸውም። ቅቤውን ከጣቢያው አንስተው ሌላ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ሰምታችኋል፣ ሌላ ወንበር ላይ። ዶክተሩ ጡረታውን አስቀድሞ ወጣ። እኔ ሦስት ወር ታገድኩ፣ ዳግመኛ የምርመራ ወረቀት እንዳልፈርም ተወሰነ። በራሴ ላይ የተወሰነው አላስቆጣኝም። አስራ አንዱን ጊደሮች ፈልጉ የሚል ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለመውጣቱ ግን ያንገበግበኛል። ከታገድኩ ጀምሮ በእግሬ እየዞርኩ እየፈለግኳቸው ነው፣ እስካሁን አራቱን አግኝቻለሁ። በሁለቱ ቤት የሚያስል ሰው አለ።

በአስራ ሰባተኛው ቀን ጠዋት የእትዬ ልጅ በሬን አንኳኳች። ሻሹን አውልቃዋለች፣ ንፍፊቱ ወደ ዘቢብ ፍሬ ወርዷል። እማዬ ነይ ብላሻለች አለችኝ። ስንደርስ የቄራው መኪና በሩ ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል። እትዬ ስድስቱን ላሞች አጥባ፣ ጅራታቸውን ሳይቀር አበጥራ፣ በተራ አስራቸው ነበር። ሰላም አላለችኝም። የመጀመሪያዋን ላም ገመድ አሳጥራ ይዛ አንገቷን ወደ እኔ አዞረችው።

«አሁን እይ» አለችኝ።

ግራ አንገቷን ዳበስኩ፣ ቀኙንም ዳበስኩ። ልሂድ ስል ወደ ሁለተኛዋ ወሰደችኝ። ከዚያ ወደ ሦስተኛዋ። ጠጉራቸውን በጣቴ እየገለጥኩ፣ ቆዳቸውን እያየሁ፣ ሙቀታቸው እጄ ላይ እየቀረ፣ ስድስቱንም በግራም በቀኝም እንድዳብስ አደረገችኝ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ምንም አላይም ነበር፣ ግን አላቆምኩም። ስድስተኛዋ ጋ ስንደርስ አየሽ አለችኝ። አየሁ አልኳት። እሷም ገመዱን ፈትታ ለሹፌሩ ሰጠችው።